«ሶሻል ገብተህ ምን ልትሆን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን ወይ?

ሎጂክ አስተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ አስተምራለሁ። ሴሚስተር ሲጀመር ሁሌም አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ኮርስ ምን ይሠራልናል?» ይላል። ሊያሾፍ አይደለም፣ ከልቡ ነው። ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ሶሻል ገብተህ ምን ልትሆን?» እያለ ነው ያሳደገው። ናቹራል የገባ ጎበዝ፣ ሶሻል የገባ ሰነፍ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው።

ይሄ አስተሳሰብ ፖሊሲም ሆኖ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ እንዲመደቡ ተወሰነ። አገሪቱ መንገድም ግድብም ፋብሪካም ያስፈልጋት ስለነበር ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ግን ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋ የተረፈ ልጅ የሚመደብባቸው ቦታዎች ሆነው ቀሩ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የመሳሰሉት ለሁሉም እንዲሰጡ ተደረገ። ኮርሶቹ ተመለሱ፤ ለምን እንደምናስተምራቸው ግን እኛ አስተማሪዎቹ ራሳችን ተነጋግረን አናውቅም።

ስንጠየቅ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉን። ሁለቱም አይዋጡልኝም። አንደኛው «ለሥራ ገበያ ይጠቅማል» ነው፤ ሪፖርት መጻፍ፣ ሰው ፊት መናገር፣ ምናምን። ለዚህ አጭር ሥልጠና ይበቃል፣ ማንም አራት ዓመት ታሪክ መማር አያስፈልገውም። ሁለተኛው «ሰው ያደርጋል» ነው። ይሄማ ጭራሽ እውነት አይደለም። መጽሐፍ የጨረሰ ጨካኝ ስንት አይተናል።

የኔ መልስ ሌላ ነው። እነዚህ ትምህርቶች በደንብ ከተሰጡ አንድ በጣም ከባድ ነገር ያለማምዳሉ፤ የምትወደውን ስለወደድከው ብቻ እውነት ነው፣ የምትጠላውንም ስለጠላኸው ብቻ ሐሰት ነው እንዳትል። ይሄን ልምድ ደግሞ ዛሬ እንደኛ የሚያስፈልገው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

ክፍል ውስጥ የማነሳው ምሳሌ በግዕዝ የተጻፈው የፈላስፋው የዘርዓ ያዕቆብ (ንጉሡ አይደለም) ሐተታ ነው። መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚነግረን እንዲህ ነው። ጸሐፊው አክሱም አካባቢ ተወለደ፣ ቅኔና መጻሕፍት ተማረ። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገሩ ሲታመስ ከሰሱት፣ ሸሸ። ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ብቻውን እያሰበ ኖረ። ኋላ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ ተቀመጠ። ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው በ1667 እ.ኤ.አ. ሐተታውን ጻፈ። መጽሐፉ ውስጥ ፈረንጁም፣ ግብፃዊውም፣ እስላሙም፣ አይሁዱም «የቀናችው ሃይማኖት የኔ ናት» ይላሉ፤ ታዲያ ማን ይፍረድ? ብሎ ይጠይቃል። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ይመርምር ነው መልሱ።

ክፍሉን «ይሄ መጽሐፍ የኛ ነው፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው የምትሉ?» ስላቸው እጅ ሁሉ ይነሣል። አንዳንዱም «እንደ ፈረንሳዩ ፈላስፋ እንደ ዴካርት ነው» ብሎ ይጨምርልኛል። «ያነበባችሁትስ?» ስል እጆቹ ይወርዳሉ። ከዚያ ክርክሩን እነግራቸዋለሁ። ሁለቱ የብራና ቅጂዎች ያሉት ፓሪስ፣ የብራና ሰብሳቢ በነበረው በአንትዋን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ ነው። የላከለት ጋይንት ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው፤ ዘመኑም 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ጀርመናዊው ምሁር ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በ1920 ደግሞ ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ «ይሄን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ይቆጣል። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ አንተ የማን ነህ?» ብሎኝ ያውቃል። እኔ የማስተምረው እዚያች ጥያቄ ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?


ናቹራል ነበርኩ፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልተስማማሁም። እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ድሃ አገር የምታስቀድመው ነገር አላት። የገጠር ክሊኒክ ውሃ ሳይኖረው ሐተታው የማን ነው እያሉ መከራከር ለኔ ቅንጦት ነው። 70 በ30ው ላይ የሚነሣው ወቀሳም ግማሽ እውነት ነው። የተበላሸው ቁጥሩ ሳይሆን አፈጻጸሙ ነው። ላቦራቶሪ ሳይኖር ኢንጂነር ተመረተ። ከኔ ጋር ከተመረቁት ውስጥ ሥራ አጥተው ኮብልስቶን ያነጠፉ አሉ። እና ችግሩ የሶሻል ብቻ አይደለም፣ ናቹራሉም ተጎድቷል።

ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፣ እኔ ፍሬሽማን እያለሁ ሶሻል ኮርስ የሚባለው ሀንድአውት መሸምደድ ነበር። ፈተናውም «ከሚከተሉት ውስጥ የቱ ነው» ነው። አንተ የምትለው ዓይነት ክፍል ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ይሄን ልምድ ያስተምራል የምትለው ትምህርት በተግባር አገር ውስጥ አለ ወይ? ወይስ ቢኖር ጥሩ ነበር ነው?


የቅኔ ተማሪ፦

ወንድሜ ኢንጂነሩ «አለ ወይ?» ላልከው፣ አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣም ነበረ።

የቅኔ ቤት ልጅ ነበርኩ። ጎጃም ውስጥ ነው የተማርኩት። ሰው ቆሎ ተማሪ ሲባል ደበሎና ልመና ብቻ ነው ትዝ የሚለው። ትምህርቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግስ ትወርዳለህ፣ ግዕዙ ከነርባታው እስኪዋሃድህ። ከዚያ ጉባኤ ቃና ትቆጥራለህ፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭሯ ቅኔ ናት። ዱር ትገባለህ፣ ብቻህን ትቀመጣለህ፣ ሰሙንና ወርቁን ታስማማለህ። ስትመጣ ለየኔታ ትነግራለህ። የኔታ ወዲያው ያገኙብሃል። «ይህች ግስ እዚህ ምን ታደርጋለች? ምሥጢሩ የት ደረሰ? ይሄ የትናንትናው ሰውዬ አይደለም ወይ?» ይሉሃል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዘህ ከመጣህ አለቀልህ። ጓደኞችህም ዝም አይሉም፣ እነሱም ይጥሉሃል ያነሡሃል። ቅኔህ ሲፈርስ አትቀየምም፣ ዱር ትመለሳለህ። የነገው ቅኔ ደግሞ አዲስ መሆን አለበት፣ የዛሬው አይደገምም።

መምህሩ ያሉት ልምድ ይሄ ነው። የኔን ቅኔ እወደዋለሁ፣ ስለወደድኩት ግን አይቆምም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲከፈቱ ይሄንን ትተው ሌላውን አመጡ። ሌላውም በደንብ አልመጣ። ኢንጂነሩ የነገረን ሀንድአውት ከሁለቱም አይደለም።

ስለ ሐተታው፦ ግዕዙን አንብቤዋለሁ። የቅኔ ቤት ሰው ይሸተኛል። መዝሙረ ዳዊትን የሚጠቅስበት መንገድ በቃሉ የያዘ ሰው አጠቃቀም ነው። ግን ጁስቶም ግዕዝ ጠንቅቆ የተማረ፣ ከሊቃውንት ጋር የዋለ ሰው ነበር፣ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅቷል። ስለዚህ መሽተቱ ብቻ ለፍርድ አይበቃም።


የወሎዋ፦

ውይይቱ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልያዝላችሁ። «የኛ» ስትሉ ግዕዝና ቤተ ክርስቲያን ብቻ እየሆነ ነው።

እኔ ያደግሁት መንዙማ እየሰማሁ ነው። ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር የአፄ ዮሐንስን የቦሩ ሜዳ አዋጅና የግድ ማጥመቁን ተቃውመው የታገሉ የወሎ ዐሊም ናቸው። አማርኛ ግጥም በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። እስቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስትማሩ ስንቶቻችሁ ስማቸውን ሰማችሁ? ግጥሙ አማርኛ ነው፣ የተጻፈው በአጀም ስለሆነ ብቻ ከመማሪያው ቀረ። የግዕዙ ሊቅ ዐረብኛ ፊደል አያነብም፣ ዐረብኛ የሚያነበው ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ክፍል አልተቀጠረም። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው በግላቸው ጥረት ያን ሁሉ ኪታብ ባይሰበስቡና ባይጠግኑ ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር አላህ ይወቀው።

በቃል ያለውስ? የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችን አጨበጨብን። ስለ ሐተታው ሲከራከሩ የኖሩት ክላውድ ሰምነር እኮ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት ሰብስበው በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ካናዳዊ የኢየሱሳውያን (ጀዝዊት) ማኅበር አባል ነበሩ። እንግዳ ሰው ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ሁለቱም አስተሳሰብ ነው» ሲል እኛ ግን እስከ ዛሬ የእገሌ ቅርስ፣ የነእገሌ ቅርስ እያልን ነው። የታሪኩ ኮርስ ሞጁል ገና ረቂቅ ሳለ የተነሣውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። ማን ተጻፈ፣ ማን ቀረ ነበር ነገሩ። የቀረበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።


ቦሎኛ፦

የምኖረው ጣሊያን ነው። ስለ ሂዩማኒቲስ ሲወራ እዚህ ያለ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል፤ ሥሩ የሆነው ሂዩማኒዝም የተጀመረው እዚህ ነው ይላሉና።

የጥንቶቹ ሂዩማኒስቶች ሲጀምሩ ሥራቸው በጣም ተጨባጭ ነበር። የድሮ ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘት፣ ማመሳከር፣ ቃል በቃል መመርመር። ሎሬንዞ ቫላ የሚባለው በ1440 ያደረገውን ልንገራችሁ። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ለሮም ጳጳስ ምዕራቡን ዓለም አውርሷል የሚል ሰነድ ነበረ። ጳጳሳቱ ለሥልጣናቸው ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ቫላ የሰነዱን ላቲን አነበበና «ይሄ ቋንቋ በቆስጠንጢኖስ ዘመን አልነበረም» ብሎ ሐሰተኛ መሆኑን አሳየ። ሠራዊት የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ያለው ሰዋስው ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመልሳችሁ። ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታው ላይ የሞከረው ይሄንኑ ዘዴ ነው። ግን ኮንቲ ሮሲኒ ማን ነበር? ኤርትራ ውስጥ የቅኝ አገዛዙ ባለሥልጣን ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ወረራው ሊጀመር ሲል፣ ኢትዮጵያ የመሠልጠን ብቃት የላትም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ግዕዝ እንደ እሱ የሚያውቅ አውሮፓዊ ጥቂት ነበር፤ መጽሐፎቻችንን አንብቦ፣ ተርጉሞ፣ ታሪካችንን ጽፎ ሲያበቃ እዚህ ላይ ደረሰ። ከወራት በኋላ የመርዝ ጋዝ ዘነበብን። ለዚህ ነው እኔ «ሰብአዊነት» ሲባል የማላጨበጭበው። የማርቲኒኩ ገጣሚ ኤሜ ሴዜር በ1955 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ አውሮፓውያንን ፊት ለፊት ነግሯቸዋል፤ ሰው ሰው ስትሉ ሰው ያላችሁት ራሳችሁን ብቻ ነው ብሎ። ሂዩማኒዝምን እንደገና እናስብ ከተባለ መነሻው ይሄ መሆን አለበት፤ ሰው ከሚባለው ውስጥ ማን ተቆጥሮ ማን ቀረ?


ሎጂክ አስተማሪ፦

ቦሎኛ፣ ያልከውን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን አንድ ቦታ ላይ ልያዝህ፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼም እዚያው ጋ ነው የሚቆሙት። «ኮንቲ ሮሲኒ ፋሺስቶቹን ያገለገለ ሰው ነው፣ ስለዚህ ስለ ሐተታው ያለው ውሸት ነው» ይሉኛል። አይሆንም። በ1934 ኦይገን ሚትቮክ የሚባል የበርሊን ምሁር ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ሚትቮክ አይሁዳዊ ነው፣ ናዚዎች ከሥራው ያባረሩት ሰው ነው። ታዲያ እሱ ተበዳይ ስለሆነ ድምዳሜው እውነት ሆነ እንበል? ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ ንቁ ያደርገናል፤ ማስረጃውን ከማየት ግን አያድነንም።

ሰምነር ያደረጉት ይሄንን ነው። ለኢትዮጵያ ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው፣ ግን «ደፈሩን» ብለው አልጮኹም። የጁስቶን ደብዳቤዎችና ሐተታውን ጎን ለጎን አስቀምጠው አጻጻፉን፣ ሐሳቡን፣ ጥቅሱን እየቆጠሩ አነጻጸሩ። የግዕዝ ሊቁ አለማየሁ ሞገስም ከግዕዙ በኩል ገብተው ተከራከሩ። ከዚያ በኋላም የፈረንሳይ ተመራማሪዋ አናይስ ቪዮን ክርክሩን እንደገና ከፍታ በጥርጣሬው በኩል ጽፋለች። እነዚህ ሰዎች አይስማሙም፣ ግን የሚከራከሩበት ነገር ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል። እኛ ፌስቡክ ላይ ስንከራከር ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም።

የወሎዋ፣ ስለ አጀም ያልሽው ልክ ነው። እኔም ኮርሱ ውስጥ የማስገባው የማውቀውን ነው፣ የማውቀው ደግሞ የተማርኩትን ነው። እንደዚህ ነው የሚቀረው።


ሪያድ፦

እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። አስረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የተሰደድኩት፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። መድረኩን ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሐተታ ስትሉ የማውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

ስለ ሒሩት አንድም ሰው አላነሣም። አንዲት እህታችን በቴሌግራም በአማርኛ አንብባ የላከችልን ላይ ነው የሰማሁት። ሒሩት የሀብቱ አገልጋይ ነበረች። ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት አድርጎ ሊያገባት ሲጠይቅ ሀብቱ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ አገልጋይ ትሁን» ይለዋል፣ መልካም ያደረገለት መስሎት። እሱ ግን አገልጋይ አልፈልግም ሚስት ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው፣ ጌታና ገረድ ልንላቸው አይገባም አለ። ከዚያ እሷ ራሷ ተጠየቀች። ይሄን ሌሊት ነው የሰማሁት፣ ሥራ ጨርሼ፣ እቃ ቤቱ ውስጥ ካለችው ፍራሼ ላይ ሆኜ። ደግሜ ደግሜ ነው የሰማሁት።

እዚህ አገር ስትመጪ ፓስፖርትሽን አሠሪዋ ትይዛለች። ያለ ካፊልሽ (ያስመጣሽ አሠሪ) ፈቃድ ሌላ ቤት ሄደሽ መሥራት መከራ ነው። ስሜን የሚጠሩኝ አሉ፣ የማይጠሩኝም አሉ። ሕጉ ተሻሽሏል ይሉናል፣ የቤት ሠራተኛ ጋ ግን ገና ነው የሚደርሰው። ታዲያ አንድ ሰው በዚያ ዘመን ገረዲቱን ጠርቶ «አንቺስ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ጻፈው የተባለው ሐበሻ ይሁን ፈረንጅ ለኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውየው ባይወዳትስ ኖሮ? እኩል የሆነችው ሚስት ስለሆነች ነው ወይስ ሰው ስለሆነች? በሀብቱ ቤት የቀሩት ሌሎቹ አገልጋዮችስ? ይሄን የሚያውቅ ካለ ይመልስልኝ።


ሎጂክ አስተማሪ፦

እህቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጻፍሽ በጣም አመሰግናለሁ። ሐተታውን ስናነሣ ሁላችንም ስለ ልቡናና ስለ ዴካርት ነው የምናወራው፣ አንቺ የጠየቅሽውን ተማሪም ጠይቆኝ አያውቅም።

የማውቀውን ልመልስልሽ። መጽሐፉ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ይላል፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መለወጥንም ይነቅፋል። ስለዚህ በቃሉ ከሄድን እኩልነቷ ሰው ከመሆኗ ነው የሚጀምረው። ግን በታሪኩ ውስጥ ከሀብቱ ቤት ወጥታ የምናያት ሒሩትን ብቻ ነው። ስለ ሌሎቹ አገልጋዮች አይነግረንም። ሐሳቡ ሰፊ ነው፣ ድርጊቱ አንድ ሰው ላይ ያበቃል። ይሄንን ክፍተት በሚቀጥለው ሴሚስተር ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ አደርገዋለሁ።


ሚኒሶታ፦

ኢንጂነሩ «ቅንጦት» ያልከው ነገር ስላሳሰበኝ ነው የምጽፈው።

ከሚኒያፖሊስ በመኪና ሩቅ ያልሆነ ኮሌጅቪል የሚባል ቦታ አለ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ዩኒቨርሲቲ። እዚያ ያለው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ይዟል። ሥራው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፤ አገር ቤት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት እየተዞረ በሺህ የሚቆጠር ብራና ፎቶ ተነሣ። ከዚያ አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እ.ኤ.አ. በደርግ ወታደሮች ተመትተው አካላቸው ሽባ ሆነ። አሜሪካ መጥተው እዚያ ኮሌጅቪል ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ያን ሁሉ መጽሐፍ እየከፈቱ ምን እንደያዘ፣ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተጻፈ መዘገቡ። እስከ እርጅናቸው ድረስ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፣ በ2021 አረፉ።

እዚያ ከተነሡት ብራናዎች ውስጥ ዋናው ዛሬ በቦታው የማይገኝ ሊኖር ይችላል፤ ሰርቆ የሚሸጠው አለ፣ እሳትና ጦርነት አለ። አገራችን ክፉ ቀን ላይ እያለች እኚህ ሰው ቅንጦት እየሠሩ ነበር ማለት ነው? እኔ ነርስ ነኝ፣ የታመመ ሰው ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱም ሥራ ነው። ልጆቼ ትልልቅ ሆነው «አባዬ፣ እኛ ከየት ነን?» ሲሉኝ የምወስዳቸው እዚያ ነው።


ኮድ ጻፊ፦

ከቴክኖሎጂ በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ኤአይ መጣ፣ ሂዩማኒቲስ ሞተ እያለ ነው። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፎንት ነበረው፣ አንዱ ላይ የጻፍከው ሌላው ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል። እና በኮምፒውተር የሚነበብ አማርኛ ጽሑፍ ዕድሜው አጭር ነው። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈው ነው። ያገኘው የዜና ድረ ገጽ፣ የፌስቡክ ስድብና መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ አማርኛው ያንን ይመስላል። መንዙማው፣ ቅኔው፣ የፍርድ ቤት ክርክሩ፣ የለቅሶ ግጥሙ ካልተጻፈና ካልገባ ለማሽኑ የለም። ይሄን የሚያውቅ ሰው የኔን ትምህርት የተማረ ሰው አይደለም። እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ «ይሄ አነጋገር ምርቃት ነው ወይስ ሽሙጥ?» ብትሉኝ ግን ሥልጠናዬ አይደለም።

ሽሙጥ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውና ስማቸው ወጥቶ ሲወነጀሉ ነበር። ልጃቸው በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ከክሱ አንዱ ነጥብ ኩባንያው በኛ ቋንቋዎች የሚጻፈውን የሚከታተል በቂ ሰው አልመደበም የሚል ነው። ግዙፍ ኩባንያ፣ ኢንጂነር የሞላው፣ ግን ቋንቋውንና አገሩን የሚያውቅ ሰው ጎደለ ነው ነገሩ። ኢንጂነር ወንድሜ፣ አንተ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ሕንፃ አታቆምም አይደል? እዚህ ደግሞ መተግበሪያው የቆመበትን ሕዝብ ማንም አልመረመረውም።


ናቹራል ነበርኩ፦

ጥሩ። ኮድ ጻፊ ያነሣኸው ከባድ ነው፣ አልከራከርበትም። የእህታችንም ጽሑፍ ሆዴን በላው።

ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚገባው ተማሪ አነሰ፣ ትምህርት ክፍሎች ባዶ ናቸው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታሪክና የፍልስፍና ክፍል ይኑር ትላላችሁ? በምን ብር? ሀንድአውት ለሚያሸመድድ ክፍል ገንዘብ ቢቆረጥ እኔ አላዝንም። ሁለተኛ ጥያቄ፣ መምህር ለአንተ። ነገ አንድ ሰው ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ መሆኑን አያሻማም በሚባል ማስረጃ ቢያሳይ ምን ታደርጋለህ? እውነቱን ንገረን።


የቅኔ ተማሪ፦

መምህሩ እስኪመልሱ እኔ ስለ ብሩ ልበል። የቅኔ ቤት በጀት ስንት ነው? አንድ የኔታ፣ አንድ ዛፍ፣ ልመና የሚወጡ ተማሪዎች። ሕንፃ አይደለም ያነሰን። የሚያርም አስተማሪ ነው። አንድ አስተማሪ 20 ተማሪ ይዞ የጻፉትን እያነበበ ቢያርምላቸው፣ 300 ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ ፓወርፖይንት ከሚያነብላቸው የበለጠ ይሠራል።


ሎጂክ አስተማሪ፦

ኢንጂነር፣ ሁለቱንም በቀጥታ እመልሳለሁ።

ስለ ክፍሎቹ፦ አይ፣ ሁሉም ጋ ይኑር አልልም። ስም ብቻ ያላቸው ክፍሎች ቢዘጉ እኔም አላዝንም። ጥቂት ቦታ፣ ግን በእውነት። ግዕዝና ዐረብኛ ፊደል ሁለቱንም የሚያነብ ሰው የሚወጣበት አንድ ክፍል ቢኖር፣ የቃል ሥነ ጽሑፍ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሌሎቹም የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ቢኖር ይበልጥብኛል። የቀረው ተማሪ፣ ኢንጂነሩም ሐኪሙም፣ በአንደኛ ዓመቱ አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ፣ ስለ እሱ ጽፎ፣ የጻፈው ፈርሶበት እንደገና ጽፎ ይለፍ። የቅኔ ተማሪው ያለው ነው፤ የሚያርም ሰው ካልተቀጠረ ግን ይሄም ወረቀት ላይ ይቀራል። አሁን እኔ ራሴ በአንድ ክፍል የማስተምረው ተማሪ ብዛት የሁሉንም ጽሑፍ እንዳነብ አይፈቅድልኝም። ይሄን ለዲፓርትመንቱ ጽፌ አስገብቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ስለ ጁስቶ፦ ማስረጃው ያን ያህል ከጠነከረ በማግስቱ ክፍል ገብቼ እነግራቸዋለሁ። የማጣው አለ፣ አልደብቅህም። «በ1667፣ ከኛ መሀል አንድ ሰው ብቻውን ይሄን አሰበ» የሚለውን አጣለሁ። እሱን ማጣት ያመኛል። ግን መጽሐፉን ከኮርሱ አላወጣውም። ያኔ የሚጠየቀው ጥያቄ ይቀየራል። አንድ የጣሊያን መነኩሴ ጋይንት ተቀምጦ እንዲህ ዓይነት ግዕዝ ከማን ተማረ? ያስተማሩት ደብተራዎች እነማን ናቸው? እሱ የጻፈው የራሱን ጥርጣሬ ነው ወይስ እነሱ ማታ ማታ ሲነጋገሩ የሰማውን? ለምንስ በራሱ ስም መጻፍ ፈራ? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬም ማንሣት ይቻላል፤ ጸሐፊው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለን ስንከራከር ብዙም ትኩረት አልሰጠናቸውም።

ሪያድ ያለችው እህታችን የጠየቀችው ደግሞ በሁለቱም መንገድ ይቆማል። ባልና ሚስት እኩል ናቸው የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ከሆነ የጻፈው እጅ የማንም ይሁን እውነት ነው። ሌሎቹን አገልጋዮች ከተወም ትቷል።

የወሎዋ፣ የሼኽ ጦልሃን መንዙማ በአማርኛ ፊደል ተገልብጦ የታተመ ካወቅሽ የት እንደሚገኝ ጻፊልኝ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ከሐተታው ጎን ላስገባው እፈልጋለሁ። አጀሙን ማንበብ ስለማልችል ግልባጩ ትክክል መሆኑን የሚያይልኝ ሰውም ያስፈልገኛል።


የወሎዋ፦

እኔ ጋ በድምፅ የተቀዳ ነው ያለው። አያቴ አጀሙን ያነባሉ፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ፊደሉን አተልቄ ፕሪንት አድርጌ እወስድላቸዋለሁ። እሳቸው ያንብቡ፣ እኔ ልጻፍ። አጠራጣሪ ቃል ሲኖር ሁለቱንም አነባበብ እጽፍልሃለሁ፣ አንዱን መርጬ አልልክልህም።